የመስጠባዋ ፋቲሃ

አማርኛ መጻፍ የተማርኩት በውሃ ነው።

በካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ከእኛ ኪራይ ቤት ሁለት መታጠፊያ አልፎ የአንድ ትምህርት ቤት ረጅም ግንብ አለ። ከግንቡ ሥር ሰባት ሴት የምታስቀምጥ፣ ከተጠጋጉ ዘጠኝ የምትችል የሲሚንቶ መቀመጫ ነበረች። ሱዳኖቹ እንዲህ ከግንብ ጋር የተሠራ መቀመጫ መስጠባ ይሉታል። እኛም መስጠባ አልናት፤ አማርኛ ስም ላውጣላት ያለ ሰው የለም። ከጎኗ ሁለት ዚር ቆሟል። ዚር ማለት መንገደኛ እየቀዳ ጠጥቶ እንዲያልፍ ጥላ ፈልገው የሚያስቀምጡት የሸክላ ጋን ነው። የሪያዷ አክስቴ ከዚሩ በጣሳ ትቀዳና ጣቷን እየነከረች ሲሚንቶው ላይ «ሀ» ትጽፋለች። «ሁ» ብላ ትቀጥላለች፣ «ሂ» ትላለች። እኔ ሳይደርቅ አንብቤ መጨረስ አለብኝ። ሙቀቱ ደግሞ «ልጅ ናት» ብሎ አይጠብቅም። እንዲያ እየተሯሯጥኩ ሙሉውን ፊደል ጨረስኩት። ዛሬ ቶሎ የማነበው ለዚህ ይመስለኛል።

አክስቴ የምላት የሥጋ ዘመዴ ሆና አይደለም። እሷም እናቴም ከወሎ ናቸው። እናቴ በቀን ሥራ የሰው ቤት እያጸዳች ማታ ቤቷ ትገባለች፤ አክስቴ ግን ሪያድ በሚባለው የካርቱም የሀብታሞች ሰፈር ትልቅ ግቢ ያለው ቤት ተቀጥራ እዚያው ነው የምታድረው። የራሷ የሆነ ጊዜ በሳምንት አንዴ ብቻ ነው፦ አርብ ከጁምዓ ሰላት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ሌሎቹም ሴቶች እንደዚያው ናቸው። ተኩሰው ያዘጋጁትን ልብስ ለብሰው፣ በሪክሻ፣ ማለትም በባጃጅ፣ ተጭነው፣ እየተሳሳቁ ይመጣሉ። ግንቡ ከጀርባቸው በምዕራብ በኩል ስለሆነ ቀኑ ሲጋደል ጥላው ቀጥ ብሎ መስጠባዋ ላይ ያርፋል። የሴቶቹ ፈቃድና የግንቡ ጥላ እኩል ሰዓት ላይ ነበር የሚደርሱት። ያኔ ግን ይህን አላስተዋልኩትም። ያስተዋልኩት ሙሃንዲሳዋ ካስተማረችኝ በኋላ ነው።

ሙሃንዲሳ ማለት ሴት ኢንጂነር ማለት ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ መንገዳችንን ሊያሠራ ሲነሳ ያመጣት ወጣት ሱዳናዊት ነበረች። የእግረኛ መንገድ ይወጣል፣ ዛፍ ይተከላል፣ መሀል መንገድ ላይ እየቆሙ የሚያጣብቁት ሪክሻዎች ቦታ ይሰጣቸዋል ተባለ። እሷ ግን ንድፍ ከመሳሏ በፊት ትምህርት ቤታችን መጥታ ጽሑፋቸው የሚያምር ልጆች ፈለገች። መምህራችን እኔን ጠቆመችኝ።

«መንገድ ሰው የሚያልፍበት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚቆይበትም ነው» አለችን። «ማን የት ይቆያል? ሽማግሌዎቹ ጠዋት በዚህ በኩል ተቀምጠው ቀትር ላይ ለምን ይሻገራሉ?»

በየቀኑ የምናየው ነገር ነው፤ «ለምን» ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም።

«ጥላውን እየተከተሉ ነዋ!» አለችና ሳቀች።

ሰንጠረዥ ሰጠችን። ለተቀመጠ ሰው ነጥብ፣ ለቆመ ሰው መስመር፣ ከዚሩ ለጠጣ የመስቀል ምልክት። ሰባት ቀን፣ በየሰዓቱ። ለእኔ የደረሰኝ የግንቡ መንገድ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠኝና ሥራ ጀመርኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰፈሬን ያን ጊዜ ገና ያየሁት መሰለኝ። አህያ ነጂው ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንደሚቆም፣ ተማሪዎች ዚሩ ጋ የሚጋፉት ጠምቷቸው ሳይሆን ጥላው ጠባብ ስለሆነ እንደሆነ አየሁ። ነጥቦቼ ክብ ነበሩ፣ መስመሮቼም ቀጥ ያሉ። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ድረስ ከሰዓት በኋላ መስጠባዋ ላይ የተቀመጠው ሁለት ሦስት ሰው ነው፤ እሱንም አንድ ሳላስቀር መዘገብኩ።

ከዚያ አርብ መጣ።

ከዚህ በፊት መናገር ያለብኝ አንድ ነገር አለ። እኔ «ማንም የለም» እየተባለ ሲነገረኝ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ከእናቴ ጓደኞች የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ ካላቸውም የአንዷ ሁልጊዜ ጊዜው ያለፈበት ነው። በር ሲንኳኳ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ አረብኛዬ እንደ ሱዳን ልጅ ስለሆነ። «ማን አለ?» ሲሉኝ «ማንም የለም» እላለሁ። በጣም ከመልመዴ የተነሳ አንድ ቀን በረዶ ሻጩ ሲያንኳኳ «ማንም የለም» ብዬ ዘጋሁበት። እናቴ በመስኮት «አለን! አለን! በረዶውን አምጣው!» እያለች ጮኸች።

ያን አርብ ሴቶቹ እንደ ሁልጊዜው መጡ። እናቴም አብራቸው ነበረች። ጫማቸውን አውልቀው መስጠባዋ ላይ ወጡ። አንዷ የሌላዋን ፀጉር ዘይት ትቀባለች። አንዷ ከአገር ቤት ጋር በስልክ ታወራለች፦ «አይሰማኝም እኮ! ጮክ በይ!» ትላለች፤ እሷን ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል።

የሪያዷ አክስቴ ከመንገዱ ማዶ አየችኝ።

«አንቺ! ምን ሆነሽ ነው ፀሐይ ላይ የተተከልሽው? ነይ ወደ ጥላው!»

«አና መሽጉላ» አልኳት። ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው፤ በአረብኛ። ለእሷ በአረብኛ መልሼላት አላውቅም ነበር።

«ኧረ!» አለች ዘይት የምትቀባዋ። «መደም ሆናለችና ተነሱላት!»

ሁሉም ተነስተው እጅ ነሱኝ። መስጠባዋ በሳቅ ተናወጠች። በዚህ መሀል ሙሃንዲሳዋ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ልብስ፣ ነጭ ቶቧን፣ ሰብሰብ አድርጋ ከትከሻዬ በላይ ብቅ አለች።

«ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው!» አለች ሰንጠረዡን እያየች። ቀና ብላም «እነዚያ ሴቶች ሁልጊዜ ይመጣሉ?» አለችኝ።

«አይ» አልኩ። «ለቅሶ ስላለባቸው ነው። ዛሬ ብቻ ነው።»

አፌ ከእኔ ቀደመ። እሷ ግን ደነገጠች።

«ኢና ሊላህ! ማን ሞተባቸው?»

«አንዲት ሴትዮ።»

በሱዳን ሐዘንተኛ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሙሃንዲሳዋ መንገዱን ተሻገረች፣ ሴቶቹ ፊት ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘረጋችና «አል-ፋቲሃ» አለች። እኔ ሳጥኑ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሴቶቹ ግን እዚህ አገር ስንት ዓመት የኖሩ ናቸው። ለሟች የሚቀራው ፋቲሃ ተብሎ እጅ ሲዘረጋ አጸፋው እጅ መዘርጋት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው። ዘጠኝ ጥንድ እጅ እኩል ተነሳ፤ ባለስልኳ እንኳ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ ዘረጋች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ እጃቸው ፊታቸውን ዳበሰ።

«አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አለች ሙሃንዲሳዋ።

«አሚን፣ አላህ ይስጥሽ» አለች አክስቴ በጥሩ አረብኛ።

ሙሃንዲሳዋ ጥግ እንደዞረች፦

«ማን ሞቶ ነው?»

«እኔ እንጃ! አንቺ ስታነሺ አይቼ ነው ያነሳሁት።»

«እኔ ደግሞ አንቺን አይቼ!»

«ምናልባት የእኔ መደም ትሆን?»

«አስተግፊሩላህ በይ! ነገ የምትበይው የማንን ነው?»

እስከ መግሪብ ድረስ ሟቿን ሲያፈላልጉ ዋሉ። እኔ በአርብ መስመር፣ ከጁምዓ እስከ መግሪብ ባሉት ሣጥኖች ሁሉ ዜሮ ጻፍኩ። ዜሮዎቼም ክብ ነበሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ንድፉ ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ቤት በር ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ «አስተያየት ያለው እስከ ሐሙስ ይምጣ» ይላል። የእኔን ቁጥሮች ስዕል ውስጥ ሳያቸው ልቤ ዘለለ። የሽማግሌዎቹ የጠዋት ጥላ ቀርቷል፤ አህያ ነጂው ማቆሚያ አግኝቷል። ከዚያ ግንቡን አየሁ። መስጠባዋ የለችም። በቦታዋ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ተሥሏል፤ ውስጡ «የሪክሻ ማቆሚያ» ይላል። ምክንያቱንም በትንሽ ጽሑፍ አስፍረውታል፦ መቀመጫው ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።

እሑድ በዚያ በር አለፍኩ። ሰኞም አለፍኩ። ማክሰኞ በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። ገብቶ ለመናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩንም በአረብኛ አዘጋጅቼዋለሁ። ግን «ለቅሶውስ?» ብትለኝ? ሐሙስ አለፈ።

ሴቶቹ አርብ ሲመጡ መስጠባዋ ጠጠር ሆናለች። በቀጣዩ አርብ ቦታዋ በሲሚንቶ ተለስኖ ስድስት ሪክሻ ተደርድሮበታል። አክስቴ አዲስ የተሠራው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለች። አንዱ ሾፌር መጥቶ «ሪክሻ?» ይላታል። «ላ» ትለዋለች። ሌላው ይመጣል፤ «ሪክሻ?» «ላ!» በመጨረሻ ተነሳችና ሴቶቹን ዞር ብላ አየቻቸው።

«ለካስ ያን ቀን ፋቲሃ የቀራነው ለመስጠባዋ ነው!»

ከት ብለው ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ጥላው የሪክሻዎቹ ሆኗል፤ ጠርዙ ላይ ፀሐዩ ናላ ያዞራል። አንዷ «እንግዲህ እኔ ልመለስ» ብላ ሄደች፣ ሌላዋም ተከተለቻት። አክስቴ ከሁሉም በኋላ ቀረችና የዚሩን ጣሳ አንዴ ጠጥታ እሷም ሄደች። አርብ ቀን፣ ገና የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ሳይሰገድ።

ያን ቀን ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁሉንም ማለቴ ግማሹን። «ወረቀት የላቸውም ብዬ ፈርቼ ነው፤ እንዳይጻፉ ብዬ ነው» አልኳት።

በሚቀጥለው አርብ እናቴ ለሴቶቹ ነገረቻቸው። እነሱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? አልተቆጡም! ተራ በተራ ጉንጬን ሳሙኝ።

«ሸሸገችን እኮ! የእኛ ልጅ!»

«ጭንቅላቷን አየሽ? በአንዴ ለቅሶ ፈጠረች!»

እነሱ ሲስሙኝ እኔ ዓይን ዓይናቸውን አላይም። ምክንያቱም ያልነገርኳቸው ግማሽ ነበር። ሙሃንዲሳዋ ትከሻዬ ጋ ቆማ «ንጹሕ ሥራ» ስትለኝ፣ ማዶ በባዶ እግራቸው ወጥተው የሚንጫጩት የእኔ ሰዎች መሆናቸውን እንድታውቅ አልፈለግኩም። ፍርሃቱ እውነት ነው። ግን ሀፍረቱ የቀደመ ይመስለኛል።

«አሁንስ ብንናገር?» አለች አክስቴ። «ስትቆጥሩ ስም ትጽፋላችሁ?»

«አንጽፍም። ነጥብ ብቻ ነው።»

«የት እንደምሠራ? ከየት እንደመጣሁ?»

«ነጥብ ብቻ።»

እናቴ «ኋላ እንዳይለቅሙን» አለች። ባለስልኳም እንደሷው ፈራች። አክስቴ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው የእኔን ነጥብ ወፍራም አድርጊያት» አለች።

እሑድ ሙሃንዲሳዋ ጋ ሄድኩ። «ማንም አልሞተም» አልኳት። ስገልጽላት የአርብን ሰንጠረዥ አውጥታ ዜሮዎቹን አየች።

«ዓይኔ እኮ ዘጠኝ ሴት አይቶ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ዓይኔን ትቼ አንቺን አመንኩ።»

ከዚህ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አርብ ራሷ መጣች። ሴቶቹ ሪክሻዎቹ መሀል፣ እንደ ፎቶ ተነሺ ተሰልፈው ጠበቋት። ነጥቦቹን እኔ ጻፍኩ። አክስቴ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ «የቷ ናት የእኔ?» አለች። አሳየኋት። ወፍራም ናት።

የተለሰነውን ሲሚንቶ መልሶ ማፍረስ ግን አልተቻለም። ሪክሻ ነጂዎቹም ሰው ናቸው፤ መሀላቸው ያለው ሽማግሌ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥላ ውስጥ መቆሙን ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። ስለዚህ አዲስ መስጠባ በወዲህኛው በኩል፣ ከሱቁ አጠገብ፣ እኔ ሳጥን ላይ ከተቀመጥኩበት ጎን ተሠራ። አሥር ሰው ይችላል፣ መደገፊያ አለው፣ ያምራል። ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። የግንቡ ጥላ መንገዱን ተሻግሮ እሱ ዘንድ የሚደርሰው ግን ከዐስር ሰላት በኋላ ነው። ሙሃንዲሳዋ ይህን ከእኔ በፊት አውቃለች። ከጎኑ የኒም ችግኝ አስተከለችና «አራት ዓመት ታገሱት» አለች።

አክስቴ አሁን የምትመጣው ከዐስር በኋላ ነው። ቀድማ ብትመጣ የት ትቀመጣለች? እዚያው ሪያድ ትቆያለች። ቤት ውስጥ የታየች ሠራተኛ ደግሞ ሥራ አታጣም፤ መደም «ካለሽማ» ትላታለች፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ ትተኩሳለች። በፊት የእሷ የነበረው፣ ከጁምዓ እስከ ዐስር ያለው ጊዜ፣ የካውያ ሆነ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በክብ ዜሮ።

ባለፈው ወር ሁለታችን ብቻችንን ቀድመን ደረስን። ሲሚንቶው ገና እሳት ነበር፤ ነጠላዋን አጥፋ ተቀመጠችበት። ተሻግሬ ከዚሩ በጣሳ ቀዳሁ። በአፌ መናገር ስላልቻልኩ ጣቴን ነክሬ ጻፍኩላት፦ «አፍሬባችሁ ነበር።» የመጨረሻውን ፊደል ስጨርስ የመጀመሪያው ቃል ደርቋል። አሮጌዋ መስጠባ ላይ ቢሆን ይቆይ ነበር።

«ነበር?» አለች አክስቴ አጎንብሳ። «ምን ነበር?»

ስለዚህ በአፌ ተናገርኩት። ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ።

አክስቴ ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች፤ ፈታችው፣ እንደገና አጠለቀችው።

«እናትሽንም?»

«እሷንም።»

«እኔ ገና የመጣሁ ሰሞን» አለች ወደ ሪክሻዎቹ እያየች፣ «ከመደም ጋር ሱቅ ገባሁ። እናትሽ 'እታለም!' ብላ ጠራችኝ። መደም 'ታውቂያታለሽ?' አለችኝ። 'አላውቃትም' አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አርብ መጣች። እዚያ መስጠባ ላይ፣ ከጎኔ፣ ተጠግታ ተቀመጠች። ያን ነገር እስከ ዛሬ አላነሳችውም።» አሁን ስድስት ሪክሻ የቆመበትን ቦታ በአገጯ አሳየችኝ። እኔ ወዲያ ማየት አልቻልኩም። «ለእናትሽ ግን ራስሽ ንገሪያት። ይሄን አልሸከምልሽም። ያላ፣ የተረፈውን ውሃ ለዛፉ ስጪው።»

ለእናቴ ያን ዕለት፣ ልብስ ስትዘፈዝፍ ነገርኳት። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ «በአረብኛ ስትመልሺ ገብቶኝ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ልጄ ነሽ።» ቀጥላም «ያን ሸሚዝሽን አምጪው» አለችኝ።

ችግኙን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የማጠጣው እኔ ነኝ። ሪክሻ ነጂዎቹ «ዛሬስ አደገ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ዛሬ ቅጠሎቹን ቆጠርኩ፦ አሥራ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ ናቸው። የሚጥለው ጥላ ገና አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ አይሸፍንም። አክስቴ ግን አርብ ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ እዚያችው ታስቀምጠዋለች፤ ግራው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ቀኙ ፀሐይ ላይ ይቀራል።